መንግሥት የለቀቀው ኮረብታ

መንግሥት ተነሥቶ የሄደበትን ከተማ ለማየት የሚጓዝ ሰው ብዙ ጊዜ ኀዘኑን ከቤቱ አዘጋጅቶ ይሄዳል። ገና መንገድ ሳይጀምር «ወይ ጊዜ!» ይላል፤ ደርሶም ሣር የበቀለበትን የድንጋይ ክምር ሲያይ ያንኑ ይዞት የመጣውን ኀዘን ያፈስበታል፤ ከዚያም ስለዚህ ዓለም ኃላፊ ጠፊነትና ስለ ክብር ከንቱነት መጽሐፈ መክብብ ያስተማረውን በልቡ ደግሞ፣ ፎቶግራፉን አንሥቶ፣ ሳይመሽ ይመለሳል። እኔ ይህን ዐይነቱን ኀዘን አልንቀውም፤ ከሰው ልጅ የትሕትና ትምህርቶች አንዱ ነውና። ነገር ግን በአንኮበር ኮረብታ ላይ ቆሞ ግራ ቀኙን ለተመለከተ ሰው፣ ማን እንደ ወደቀና ማን እንደ ቆመ መፍረድ እንደሚታሰበው የቀለለ አይደለም።

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለብዙ ጊዜ ሜዳ ለሜዳ ነው። ገብሱና ባቄላው በግራና በቀኝ ይዘረጋል፤ በጎች በድንጋይ ካብ መካከል ይነዳሉ፤ እረኛው ባናውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ የሚያልፈውን መኪና ቀና ብሎ ያያል። ወደ አፋፉ ሲቀርቡ አስታውና ጅብራው ብቅ ብቅ ይላል፤ ወዲያውም ምድሩ ከእግር ሥር ይቆረጥና ዐይን ከደጋው ብርድ ተነሥቶ፣ በይፋት ወይና ደጋ በኩል፣ ማረፊያ ሳያገኝ እስከ አዋሽ በረሃ ጭጋግ ድረስ ይወርዳል። አንኮበር የተቀመጠችው በዚህ ቍርጥ ላይ ነው። ዛሬ የወረዳው መቀመጫ የሆነችው ከተማ ጎረቤላ ትባላለች፤ የነገሥታቱ ኮረብታ ግን ለብቻው ሾጥጦ፣ ከሩቅ ለሚያየው ሁሉ ራሱን እያሳየ ቆሟል።

ይህን አፋፍ የመንግሥት መቀመጫ እንዲሆን ያስመረጠው ፍርሃትና ቀረጥ ነው ብል ታሪኩን ያቃለልሁት አይመስለኝም። ከታጁራ ባሕር ዳር ተነሥቶ፣ የአሰልን ሐይቅ ዞሮ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ ሸዋ የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ ሁሉ ወደ ደጋው ለመውጣት በዚህ በኩል ማለፍ ነበረበት። ጨው የጫነው፣ ነፍጥና ጨርቅ የጫነው፣ እንዲሁም ቡናና የዝሆን ጥርስ ጭኖ ወደ ባሕር የሚወርደው፣ ሁሉም ከኮረብታው በታች ይታያል፤ የታየም ይቀረጣል። ጠላትም ቢመጣ ቀድሞ የሚታየው ከዚያው ነው። እንግዲህ መርዕድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ በ18ኛው ምዕት ዓመት ፊታቸውን ወደዚህ ቦታ ሲያዞሩ፣ ልጃቸው አስፋ ወሰንም ሲያጸኑት፣ በኋላም ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. የነገሡት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ስሙን ባሕር እስኪሻገር ድረስ ሲያስጠሩት፣ ሁሉም የሚጠብቁት አንድ በር ነበር።

የዚያን በር ቁልፍ የያዙት ደግሞ የይፋቱ አበጋዝ፣ ከጥንቱ የወላስማ ቤት የሚወለዱት ሙስሊሙ ወላስማ መሐመድ ነበሩ። ክርስቲያኑ ንጉሥ የመንግሥታቸውን ደጅ፣ ከዚያም አልፎ የንጉሣውያን ዘር የታሰሩበትን የጎንቾን ወኅኒ ለሙስሊም አበጋዝ አደራ መስጠታቸው፣ በሃይማኖት መካከል ጠብ እንጂ ሌላ እንዳልነበረ አድርጎ ከሚተረከው ታሪክ ጋር አይገጥምም፤ ስለዚህ ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ከዚህ ላይ ጥቂት ቢቆዩ ደስ ባለኝ ነበር። አደራ ሰው የሚሰጠው ለሚወደው ብቻ አይደለም፤ ለሚያስፈልገውም ነው፤ ቢሆንም አደራ አደራ ነው።

ስሙ ባሕር ከተሻገረ በኋላ እንግዶች መጡ። በ1831 ዓ.ም. ኢሰንበርግና ክራፕፍ የተባሉት ጀርመናውያን ሚሲዮናውያን ደረሱ። በ1834 ዓ.ም. የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ፤ በዓመቱ ደግሞ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ለአገሩ የራሱን ውል ተዋዋለ። ሁለቱ ኃያላን በዚያ የሣር ክዳን ባለው ቤተ መንግሥት ደጅ ሲሽቀዳደሙ ንጉሡ ደግሞ ከሁለቱም ነፍጥና መድፍ ይጠብቁ ነበር። በዚሁ ዘመን በአንኮበር አጠገብ በሚወርድ ወንዝ ላይ፣ በአንድ የባሕር ማዶ ጥበበኛ እጅ የውሃ ወፍጮ እንደ ተሠራ፣ ካህናቱም «የሰይጣን ሥራ ነው» ስላሉ ወፍጮው ሥራውን እንዳቆመ የዘመኑ መንገደኞች ጽፈዋል። መድፉን ግን የሰይጣን ሥራ ነው ያለ አንድ ካህን መኖሩን እስካሁን አላነበብሁም። ለግብሩ እንጀራ በወፍጮ ድንጋይ ላይ ጎንበስ ብለው ሌሊቱን ሲፈጩ ያደሩት ሴቶች ስለዚያ ፍርድ ምን እንዳሉ ማንም አልጻፈልንም፤ ዜና መዋዕል የሚጻፈው እልፍኝ ውስጥ ነው፣ ማድቤት ውስጥ አይደለምና።

እንግዲህ የአንኮበርን ክብር ለማልቀስ የተነሣ ሰው ይህን ክብር በሙሉ ቆጥሮ ማልቀስ ይገባዋል። በኮረብታው ላይ ግብር ሲበላ፣ ከበታቹ በጎንቾ የንጉሡ ወንድሞች፣ ከንጉሥ ከመወለዳቸው በቀር ሌላ በደል ሳይኖርባቸው፣ በሰንሰለት ነበሩ፤ ሐሪስ ንጉሡን ለምኖ እንዳስፈታቸው በመጽሐፉ ይተርካል። በዓሊዩ አምባ አካባቢ ባለው ገበያ ከጨውና ከቡና ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር፤ በጦርነት ተማርኮና ተፈንግሎ የመጣ ልጅ በዚያ ቍልቍለት ወርዶ፣ በረሃውን በእግሩ ተሻግሮ፣ ወደማያውቀው ባሕር ይነዳ ነበር። የበሩ ቀረጥ ከዚህም ይገኝ ነበር። ስለዚህ «ያ ደግ ዘመን» የሚል ቃል ከአፌ ሊወጣ ሲል ቍልቍለቱን አየዋለሁ፤ ቃሉም ይቀራል።

መንግሥቱ ከዚያ እንዴት እንደ ተነሣ ረጅም ታሪክ ቢሆንም ባጭሩ ይነገራል። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን አስገበሩ፤ በነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ የተወለዱት ሕፃኑ ምኒልክም ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በ1857 ዓ.ም. አምልጠው የአባታቸውን መንግሥት ያዙ፤ አንኮበርንም እንደ ገና አደሱ። ነገር ግን ልባቸው በአፋፉ ላይ ለብዙ ጊዜ አልቆየም፤ ወደ ልቼ፣ ከዚያ ወደ እንጦጦ፣ በመጨረሻም ወደ ፍል ውሃው ሜዳ ወረዱ። አዲስ አበባ ስትቆረቆር፣ በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ሐረርን ያዙ፤ አንኮበርንም የረታት ይህ ድል ነው። ወደ ባሕር የሚወስደው በር ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሆነ። በዚያው ዓመት፣ ግጥሙን ትቶ የጦር መሣሪያ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርቱር ሬምቦ ግመሎቹን በአፋር በረሃ ነድቶ አንኮበር ሲደርስ ምኒልክን አላገኛቸውም፤ ነፍጡን ይዞ እንጦጦ ድረስ ተከተላቸው። የተመለሰውም በሐረር በኩል ነው። አንድ ነጋዴ በአሮጌው በር ገብቶ በአዲሱ በር ሲወጣ፣ የዘመን መለወጥ እንዲህ ባለ ተራ ጉዳይ ይታያል፤ በጊዜው ግን ማንም ልብ አላለውም ይሆናል። በ1909 ዓ.ም. ምድር ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ ነገሩ ፈጽሞ አለቀ።

ከቤተ መንግሥቱ የቀረው ምን እንደ ሆነ ለሚጠይቅ፣ ከኮረብታው ጫፍ ላይ አንድ የግድግዳ ቁራጭ አለ። ድንጋዩ የተያያዘው በኖራ ነው፤ ኖራው በነፋስ በኩል ተልጦ ሻካራ ሆኗል፣ ከነፋሱ በተከለለው በኩል ግን ግራጫ ሽበት ሸፍኖት ገና ጽኑ ነው፤ በስንጥቁ ውስጥ ደቃቅ ሣር በቅሎበታል፤ እጅን ቢያስደግፉበት በጠራራ ፀሐይም ይቀዘቅዛል። ሌላው ሁሉ እንጨት፣ ጭቃና የሣር ክዳን ነበርና ምድር መልሳ ወስዳዋለች። ጎንደር በድንጋይ ስለ ሠራች ፍርስራሽዋ ዛሬም ያስደንቃል፤ አንኮበር ግን የጽድ አጥርዋን፣ ምሰሶዋንና ክዳንዋን ለጊዜው ብቻ አቁማ ነበር። እኔ በዚህ ውስጥ አንድ ዐይነት ሐቀኝነት አያለሁ። የአገራችን መንግሥት ለብዙ ምዕት ዓመታት ሰፈር ነበረ፤ ንጉሡ የሚኖረው ሠራዊቱ ባለበት፣ ሠራዊቱም የሚኖረው እህልና እንጨት ባለበት ነበርና፣ እህሉና እንጨቱ ሲያልቅ ተነሥቶ መሄድ ሥርዓት እንጂ ውርደት አልነበረም።

የእንጨቱ ነገር በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። በሺህ የሚቈጠር ሰው በአንድ ኮረብታ ዙሪያ ሲሰፍር፣ ለግብሩ፣ ለመጋገሪያው፣ ለሌሊቱ ብርድ የሚማገደው እንጨት ከየት ይመጣል? ከደኑ ነው። እንጦጦም በጊዜዋ ዙሪያዋን መንጥራ በልታ ስለ ጨረሰች፣ አዲስ አበባ ራስዋ ከመነሣት የዳነችው የባሕር ማዶው ዛፍ ተተክሎ በመጽደቁ ነው። ከአንኮበር ወደ ደቡብ በገደሉ ላይ የተዘረጋው የወፍ ዋሻ ደን፣ ጽዱ፣ ዝግባውና ኮሶው ዛሬ በጭጋጉ ውስጥ ቆሞ የሚታየው፣ መንግሥቱ በአፋፉ ላይ ሌላ መቶ ዓመት ቢቆይ ኖሮ ይተርፍ ነበር ለማለት አልደፍርም። መንግሥት ሲነሣ ኮረብታው አረፈ። አንድ ተራራ ሊሸከመው የሚችል የሰው፣ የከብትና የእሳት መጠን አለው፤ ዋና ከተማነት ከዚህ መጠን በላይ የተጫነ ሸክም ነበር፤ አህያ ጭነቷ ሲወርድላት ከሳች ይባላልን?

ትንሽነትን ሁልጊዜ የውድቀት ምልክት አድርጎ የማየት ልማድ ከእልፍኝ የተወረሰ ይመስለኛል። ንጉሥ ያለበት ታላቅ፣ ንጉሥ የሌለበት ታናሽ ነው የሚለው ሚዛን ራሱ የንጉሡ ሚዛን ነው። አንኮበር ግን ከነገሥታቱ በፊት ገብስ የሚታረስባት አፋፍ ነበረች፤ ከእነርሱም በኋላ ናት። የሆነው ቢኖር መቶ ዓመት ጥቂት ያለፈ እንግዳ ማስተናገድ ነው። እንግዳው ሲሄድ ቤቱ ፈረሰ አይባልም፤ ቤተ ሰቡ ወደ ሥራው ተመለሰ ይባላል።

በኮረብታው ግርጌ ያገኘሁዋቸው ሽማግሌ ይህን ክርክር ባይሰሙትም የሚቃወሙት አይመስለኝም። በካብ ላይ ተቀምጠው በትራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ነበር። ሰላምታ ከተሰጣጠን በኋላ «አባቴ፣ የነገሥታቱ ነገር ከአያቶችዎ የሰሙት ይኖር ይሆን?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እንዴታ፣ ልጄ» አሉና ስለ አያታቸው ጥቂት ነገሩኝ፤ አያትየው ለግብር እንጨት ሲያግዙ የኖሩ ናቸው፤ ከዚህ ይልቅ ሊጠይቁኝ የቸኮሉበት ነገር ግን ነበር፦ «ይልቅስ ገብስ በደብረ ብርሃን ስንት ዋለ?» እኔ ስለ ሙታን ስጠይቃቸው እርሳቸው ስለ ገበያው ጠየቁኝ፤ ከሁለታችን የከተማዪቱን ጉዳይ የጠየቁት እርሳቸው እንደ ሆኑ የተገለጠልኝ መልሱን እንደማላውቅ ስነግራቸው ፊታቸው ላይ ባየሁት ትዝብት ነው።

ያልተቋረጠ ነገር በዚያ ምድር ብዙ አለ። ከነገሥታቱ ዘመን የቆዩት አድባራት ዛሬም ይቀደስባቸዋል፤ ሌሊት የሚቆመው ማኅሌት ንጉሥ አለ የለም ብሎ አይጠይቅም። በዚያ ኮረብታ ካህናቱ ስለ ክርስቶስ ልደት፣ ሁለት ነው ሦስት ነው ሲሉ የተካሰሱበት ዘመን ነበር፤ ሣህለ ሥላሴም የሦስት ልደትን ወገን ይዘው ነበር፤ ክርክሩን በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ እስኪቈርጠው ድረስ ስንት ሊቅ እንደ ተሰደደበት እግዚአብሔር ያውቃል። ዛሬ መቋሚያውን ተደግፎ ጸናጽሉን የሚያነሣ መሪጌታ ከዚያ ጥል የወረሰው ነገር ቢኖር ዜማውን ነው፤ ይህም ከጥሉ ይሻላል።

ወደ ታች ወርደን ዓሊዩ አምባ ስንደርስ አርጎባዎች እናገኛለን። የጥንቱ ሲራራ መንገድ ልጆች ናቸው፤ ነጋዴዎችና ሸማኔዎች። ቀረጡ ቀረ፣ ግመሉ በመኪና ተተካ፣ የሰው ገበያውም በእግዚአብሔር ቸርነት ጠፋ፤ ሸማኔው ግን እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ እያሳለፈ ተቀምጧል። ድሩ ከጣቱ ሲያመልጥ ምራቁን እትፍ ብሎ ይቋጥረዋል፤ ቀና ብሎ አያይም። ደጋው ወርዶ ቆላው ወጥቶ የሚገናኝበት ገበያ ከቀረጡ ያረጀ ነው፤ በሩን የሠራው እንጂ በሩ የሠራው አይደለም።

አንዲት ወፍም አለች። ምኒልክ በ1869 ዓ.ም. ገደማ ከአንኮበር ሥር ያለውን ልጥ ማረፊያን ለጣልያን የመልክዓ ምድር ማኅበር ሰጥተው ነበር፤ የማኅበሩ ሹም ማርኬዝ አንቲኖሪ የወፍ ሊቅ ነበረ፣ በ1874 ዓ.ም. እዚያው ሞቶ እስኪቀበር ድረስም የአካባቢውን አእዋፍ ሲሰበስብ ኖረ። ይሁን እንጂ በገደሉ አፋፍ በሣርና በድንጋይ መካከል ለቅማ የምትኖር፣ ቡናማ፣ ጭረት ያላት፣ ዐይን የማትስብ አንዲት ትንሽ ወፍ ከሊቃውንት ዝርዝር ውጭ ቀርታ ነበር። የሳይንስ ሰዎች ያወቋትና በአንኮበር ስም የጠሯት ከዚያ ወደ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ ንጉሡም መልእክተኛውም የወፉም ሊቅ ካለፉ በኋላ ነው። ነገሥታትን ሊያይ የሚሄድ ሰው እግሩ ሥር ያለውን ሊረግጥ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አልፈልግም።

ስለ እንግዳ ማረፊያውም አንድ ቃል ልበል። በቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ፣ የቀድሞውን አዳራሽ አምሳል የያዘ ሎጅ ተሠርቷል። ጎብኚው ሽቅብ ያለውን መንገድ እያለከለከ ወጥቶ፣ ንጉሡ ግብር ባበሉበት ቦታ ሒሳብ ከፍሎ ይበላል። ይህን ሲሰማ የሚቆጣ ወዳጅ አለኝ፤ እኔ ግን ብዙም አልተቆጣሁም። ኮረብታው በነገሥታቱ ዘመን ከበታቹ ያለውን አገር እየበላ ኖሮአል፤ አሁን ከሩቅ በመጣ ሰው ገንዘብ ከበታቹ ያለውን አገር የሚያበላ ከሆነ፣ ማለት እንቁላሉን፣ ማሩን፣ በጉንና ጠላውን ከጎረቤላ ገበያ በደህና ዋጋ የሚገዛ ከሆነ፣ አሮጌውን ዕዳ በጥቂቱ መክፈል ነውና ይበል የሚያሰኝ ነው። ካልገዛ ግን ያው አሮጌው ግብር ነው።

አንባቢ ሆይ፣ መንገድ ይቅናዎትና ወደ አንኮበር የሄዱ እንደ ሆነ ግድግዳውን ይዩት፤ ድንጋዩን ግን ከቦታው አያንሡት፣ ስምዎንም አይጻፉበት። በዚያ ብዙ አይቆዩ። ከመነሣትዎ በፊት በደብረ ብርሃን ገበያ የገብስን ዋጋ ጠይቀው ይያዙ፤ የሚጠይቅዎ አይጠፋም። ከዚያ ወደ ዓሊዩ አምባ በእግር ይውረዱ፤ ከሸማኔው ኩታ ቢገዙ ሻጩ በጠራው ላይ አብዝተው አይከራከሩ። መንገዱ ሲሄዱ ቍልቍለት፣ ሲመለሱ ግን የጸና አቀበት ስለ ሆነ፣ በጠዋት መነሣት ያስፈልጋል።